«አስተካክዪው» አሉኝ

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ጥቅምት ላይ እያንዳንዱ ዋርድ አንድ የማሻሻያ ፕሮጀክት ይዞ እንዲቀርብ ሲታዘዝ ማንም እጁን ስላላወጣ እኔ አወጣሁ። ርዕሴ የጨቅላ ሕፃናት ቅዝቃዜ ነው። በሁለት ሳምንት ወደ ክፍላችን የገቡ 40 ሕፃናትን የሰውነት ሙቀት እንደደረሱ ለካሁ፤ 26ቱ ከ36.5 ዲግሪ በታች ነበሩ። ራሴም ደነገጥኩ።

ውጤቱን ለዋርዳችን ኃላፊ አሳየኋቸው። ሥራ ያስተማሩኝ፣ እናቴ ታማ ስትተኛ አዳሬን ሸፍነው የሸኙኝ ሰው ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ወረቀቱን አይተው ትንሽ ዝም አሉና «ይሄ ወደ ላይ ቢሄድ እኛኑ ነው የሚያስበላን። ታኅሣሥ ላይ ሱፐርቪዥን አለ። 36.2፣ 36.3 የሚሉትን 36.5 አድርገሽ አስተካክዪው፤ ሦስት ነጥብ ምን አላት?» አሉኝ። የማዋለጃ ክፍል ልጆችም ወሬው ደርሷቸው «ሰላይ ሆነሽብን መጣሽ?» ማለት ጀምረዋል። አንዷ አብሮ አደጌ ናት፤ ሰላምታዋ ሁሉ ተለውጧል።

ብቀይረው ኅሊናዬ አይለቀኝም። ባልቀይረው እትዬን አሳፍራለሁ፤ የአፈጻጸም ነጥቤን የሚሞሉትም እሳቸው ናቸው። «አልቻልኩም» ብዬ ልተወው? ብቀጥልስ ሂተር በሌለበት፣ መብራት በሚጠፋበት ክፍል ምን አሻሽላለሁ?

ብርድ የገባኝ፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ አብሽሪ። ለማያውቁት ሰው እምቢ ማለት ቀላል ነው። አዳርሽን ሸፍነው እናትሽን እንድታስታምሚ የሸኙሽን ሴት እምቢ ስትይ ግን ውለታ የበላሽ ይመስልሻል። ስለዚህ «ትቼው ብወጣስ» ማለትሽ አልገረመኝም። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ሁለት ነገር እንለይ፤ አንዱ ቁጥሩን መቀየር ነው፣ ሌላው እትዬን ከጉዳት መጠበቅ። ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለቱ ተጠላልፈው ነው የመጡት። እኔ ግን ቁጥሩን ሳትነኪ እሳቸውን መጠበቅ የምትችይ ይመስለኛል።

እስኪ ልጠይቅሽ፤ እትዬ «ያስበላናል» ሲሉ ምን ትዝ ብሏቸው ይሆን? ብዙ ዓመት የሠሩ ነርሶች ቁጥር ወደ ላይ ሄዶ ዕቃና ሰው ሆኖ ሲመለስ ያዩበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ተግሣጽ ሆኖ ሲመለስ ግን ያውቁታል። የጠየቁሽ ነገር ስህተት ነው። ፍርሃታቸው ግን ከባዶ አልመጣም። ይህን በልብሽ ይዘሽ ስታናግሪያቸው የድምፅሽ ቃና ራሱ ይለሰልሳል።

አሁን ወደ ሦስቷ ነጥብ። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የጨቅላ ሕፃን ጤናማ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው። ከ36.0 እስከ 36.4 ቀላል ቅዝቃዜ፣ ከ32.0 እስከ 35.9 መካከለኛ፣ ከ32 በታች ከባድ ይባላል። 36.2 ላይ ያለ ሕፃን እናቱ ደረት ላይ ተደርጎ በደረቅ ጨርቅ ቢሸፈን አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ካርዱ ላይ 36.5 ከተጻፈለት ግን የሚያሞቀው አይኖርም፤ ተረካቢዋ ነርስ «ደህና ነው» ብላ ታልፈዋለች። እሱ ግን ሙቀት ለመፍጠር ኦክስጅንና ስኳር ያቃጥላል፤ ስኳሩ ይወርዳል፣ ትንፋሹ ይቸገራል፣ ለመጥባት ይደክማል፣ ስላልጠባ ደግሞ ይብስ ይቀዘቅዛል። በጣም አነስተኛ ክብደት ባላቸው ሕፃናት ላይ አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ወደ ክፍል ሲገቡ የነበራቸው ሙቀት 1 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የመሞት ዕድላቸው በ28 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ሦስት ነጥብ ያላት ነገር ይህ ነው። ካርዱ የሕክምና ሰነድ መሆኑንም አትርሺ፤ እዚያ ላይ የተቀየረ ቁጥር የፕሮጀክት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ለእትዬ ግን ከዚህ ይልቅ ቶሎ የሚገባቸው ሌላ ምክንያት አለ። ከ40ው 26 የነበረውን ዛሬ በእስክሪብቶ 14 ብታደርጊው፣ ከሦስት ወር ልፋት በኋላ እውነተኛ 14 ላይ ብትደርሱ ወረቀቱ «ምንም የተሻሻለ ነገር የለም» ይላል። የራሳችሁ ሐሰት የራሳችሁን ድካም ይበላዋል። መነሻው ከፍ ማለቱ ለማሻሻያ ፕሮጀክት ነውር አይደለም፤ ችግር የሌለበት ክፍል ፕሮጀክት ምን ይሠራለታል? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውንም እሳቸው ለስንት አስታማሚ ተናግረውት ይሆናል።

ይህን ካልኩ በኋላ ቃላቸውን ልዋስ። «አስተካክዪው» ብለውሻል። እውነትም የሚስተካከል ነገር ሊኖር ይችላል፤ አለካኩ። በየትኛው ቴርሞሜትር ነው የለካሽው? በሜርኩሪው ከሆነ መስመሩ 35 ላይ ነው የሚጀምረው፤ 33.8 የሆነ ሕፃን እዚያ ላይ 35 መስሎ ይነበባል። በደንብ ካልተራገፈ ደግሞ የቀደመውን ሕፃን ሙቀት ይዞ ይቆያል። የተለመደው ዲጂታልም ብዙውን ጊዜ ከ32 በታች ቁጥር አይሰጥም፤ ዝቅ ብሎ የሚያነብ የጨቅላ ቴርሞሜትር መጋዘን ውስጥ ካለ አስወጪ። ብብቱ ደርቆ ነበር? ጫፉ ብብቱ መሃል ገብቶ ክንዱ ከጎኑ ጋር ተይዞ ነበር? ሜርኩሪ ከሆነ 5 ደቂቃ፣ ዲጂታል ከሆነ እስኪጮህ ጠብቀሻል? ካልተጠበቀ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ነው የሚነበበው፤ እንግዲህ ከ26ቱ አንዳንዶቹ ላይ የተሳሳተው ሕፃኑ ሳይሆን አያያዙ ሊሆን ይችላል። ራዲያንት ዋርመር (ከላይ ሙቀት የሚለቅ ማሞቂያ) ሥር 20 ደቂቃ ቆይቶ የተለካና እንደገባ የተለካ ሕፃንም አንድ ዓምድ ውስጥ መግባት የለባቸውም።

ስለዚህ አንድ መስመር ደንብ ጻፊና ግድግዳ ላይ ለጥፊው፤ «ሕፃኑ ከገባ በ5 ደቂቃ ውስጥ፣ በብብት፣ በዚህ ቴርሞሜትር፣ ያነበብነውን እንዳለ።» የታመመው ሕፃን ልኬት አይጠብቅም፤ እየሞቀም፣ እየተረዳም ይለካል። ከዚያ አንቺና ሌላ ነርስ አሥር ሕፃናትን ተራ በተራ፣ አንዳችሁ የአንዳችሁን ሳታዩ ለኩ። ልዩነታችሁ በተደጋጋሚ ከ0.2 ከበለጠ ችግሩ እጃችሁ ላይ ነው። ያቺ ሌላ ነርስ ራሳቸው እትዬ ቢሆኑ ደስ ይለኛል። «ቁጥሩን አልቀይርም» ብለሽ ከምትጀምሪ «አብረን እንደገና በደንብ እንለካው» ብትያቸው ቃላቸውን ሳይውጡ የሚመለሱበት መንገድ ያገኛሉ። ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል፤ ሊወጣም ይችላል። የወጣውን ትቀበላላችሁ።

የማዋለጃ ክፍሎቹን ቅሬታ በተመለከተ ትንሽ ላስቀይምሽ ነው። እውነት አላቸው። ሙቀቱ የጠፋው እነሱ ክፍል፣ ኦፕራሲዮን ክፍል፣ ኮሪደር ላይ ነው፤ አንቺ ግን የለካሽው የራስሽ በር ላይ ነው። የሌላውን ቤት ጉድለት በራስሽ ደጃፍ ቆመሽ ስትቆጥሪ ከውጭ ሲታይ ስለላ ይመስላል። ደግሞ ወደ አንቺ የሚመጣው የታመመው፣ ያለ ጊዜው የተወለደውና የራቀው ስለሆነ፣ 65 በመቶ ማለት «ማዋለጃ ክፍል ከወለዱት ውስጥ 65 በመቶ ቀዘቀዙ» ማለት አይደለም። ይህን አንቺው ቀድመሽ ተናገሪላቸው። 40ውን በመጡበት ከፋፍያቸው፤ ከማዋለጃ፣ ከኦፕራሲዮን፣ ከሌላ ጤና ተቋም። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት እየወጣ በአምቡላንስ የመጣ ሕፃን የማንን ጥፋት ነው የሚያሳየው? በሰዓትም ክፈያቸው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ናት፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋት ያለውን ብርድ አንቺ ታውቂዋለሽ። የቀዘቀዙት እዚያ ላይ ከተከማቹ ጥያቄው «ማነው ያጠፋው» መሆኑ ይቀርና «ያን ሰዓት ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነው» ይሆናል። የሠራተኛ ስም ግን ቅጹ ላይ በጭራሽ አይኑር፤ የሕፃኑም እንዲሁ፤ ተራ ቁጥር ይበቃል።

አብሮ አደግሽን ለብቻዋ አግኚያት። ውጤቱን ይዘሽ አትሂጂ፤ ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ። «አንድ አዳር አብሬሽ ልቁምና ሕፃኑ ከተወለደበት ደቂቃ ጀምሮ የሚያልፍበትን አብረን እንጻፈው» በያት። እርጥብ ሕፃን ከተወለደ በኋላ ባሉት 10 እስከ 20 ደቂቃዎች ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ የምትፈልጊው መልስ ሁሉ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው ያለው። ሙቀት የሚያመልጠው በአራት በር ነው። ቆዳው ላይ ያለው እርጥበት ሲተን፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው፣ ነፋስ ሲመታው፣ ሳይነካው ደግሞ አጠገቡ ላለ ቀዝቃዛ ግድግዳና መስኮት ሲሰጥ። አንድ ሕፃን ተከትላችሁ ስትሄዱ አራቱንም ታገኟቸዋላችሁ። በአንድ ጨርቅ ተጠርጎ በዚያው እርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል። ባዶ የብረት ሚዛን ላይ ይተኛል። ዋርመሩ ሕፃኑ ከመጣ በኋላ ይለኮሳል። መስኮቱ «ክፍሉ ይታፈናል» ተብሎ ገርበብ ይደረጋል። ኮፍያው የረጠበ ከሆነ ደግሞ ካልተደረገው ይብሳል።

ብዙ ጊዜ የማይታየውን አንዱን ልንገርሽ፤ ጨርቁ። ቤተሰብ ገዝቶ ያመጣው የሕፃን ልብስ ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ ሲወለድ በር ላይ፣ አያትየው እጅ ባለ ቦርሳ ውስጥ ነው ያለው። ዘበኛ አያስገባም፣ ተላላኪ የለም፣ አዋላጇ እጇ ተይዟል። ሕፃኑ ያገኘውን ተጠቅልሎ ይቆያል። መፍትሔው ሂተር አይደለም፤ እናቲቱ ለምጥ ስትገባ ካርድ በሚወጣበት ሰዓት «ሁለት ደረቅ ጨርቅ፣ ኮፍያና ካልሲ አሁኑኑ ስጡን» ማለት ነው። አንደኛው ጨርቅ ለማድረቂያ ነው፤ ረጥቧልና ይወገዳል። ሁለተኛው ለመሸፈኛ ነው። ምንም ያላመጣች እናት ትኖራለችና ጥቂት ታጥቦ የተተኮሰ ጨርቅ በመጠባበቂያ ይቀመጥ።

«ሂተር በሌለበት ምን ላሻሽል» ላልሽው ማስረጃው ከጎንሽ ነው። ከሁሉ የጠነከረው መሣሪያ እናቲቱ ናት። ማዋለጃ ክፍል ቢያንስ 25 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ይህን ለማወቅ የግድግዳ ቴርሞሜትር ይበቃል፣ ለመጨመር ደግሞ መስኮት መዝጋትና የበሩን መከፈት መቀነስ መጀመሪያ ይሞከራል። ወዲያው ደህና አድርጎ ማድረቅ፣ ራቁቱን በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ እናቱ ደረት ላይ በሆዱ አስተኝቶ ሁለቱንም ከላይ መሸፈን፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳያቋርጡ ማቆየት፣ በዚያው ጡት ማስጀመር። መመዘኑ ይቆያል። ማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ቤተሰብ በባህል ምክንያት አልሰማ ካለ እንኳ ከ6 ሰዓት በፊት አይሆንም። አያቶች «ሳይታጠብ እንዴት ይታቀፋል» ሲሉ መከራከር አያዋጣም፤ ቆዳው ላይ ያለው ነጭ ቅባት ልብሱ እንደሆነ ንገሪያቸው፣ ብርድን ከእነሱ በላይ የሚፈራ የለምና ይገባቸዋል።

ከ32 ሳምንት በፊት ለተወለዱት ደግሞ ሳይደርቁ ከአንገት በታች በንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት ማስገባት ሙቀትን እንደሚጠብቅ በጥናት የተደገፈ ነው፤ ጭንቅላቱ ደርቆ ኮፍያ ይደረግለታል፣ ፊቱ በምንም መልኩ አይሸፈንም። (የሱቅ ፌስታል ማለቴ አይደለም፤ ምግብ ለመያዝ የተሠራ ንጹሕ ፕላስቲክ ነው።) የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለውም፣ ሕፃኑን እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ ማቆየት ማለት ነው፣ የተጀመረው በኢንኩቤተር (የሕፃን ማሞቂያ ሳጥን) እጥረት ነበር፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ። ያኔ የድሃ መፍትሔ ይመስል ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ ገደማ በሚመዝኑ ሕፃናት ላይ የተሠራው ሙከራ፣ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው ካንጋሮ ሲጀመር በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱት ከ15.7 በመቶ ወደ 12 በመቶ መውረዳቸውን አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ምክሩን በዚሁ መሠረት አደሰ፤ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት። መብራት ሲጠፋ የእናት ደረት አይጠፋም። የሐረጎን መንገድ ለሚመጣውም ሕፃን፣ ሁኔታው ከፈቀደ፣ ከሁሉ የተሻለው አምቡላንስ ውስጥ የእናቱ ወይም የአክስቱ ደረት ነው፤ ላኪው ተቋም ጋር ስልክ ደውሎ ይህን መስማማት ምንም ወጪ የለውም።

ፕሮጀክቱን ስትነድፊ ትንሽ አድርጊው። «ቅዝቃዜን እናጠፋለን» ዓላማ አይደለም። «ክፍላችን ሲገቡ ከ36.5 በታች የሆኑትን ከ65 በመቶ ወደ 40 በመቶ እስከ መጋቢት መጨረሻ እናወርዳለን» ዓላማ ነው። መነሻውም በሁለት ሳምንት ብቻ አይቁም፤ ካለፉት ስምንት ሳምንታት ካርዶች ላይ የመግቢያ ሙቀት ሰብስቢ። ያልተለካ ካለ «አልተለካም» ብለሽ ቁጠሪው፤ እሱም ግኝት ነው። የድሮዎቹ ካርዶች ሁሉ 36.5 እና 37 ብቻ ከሆኑ ግን የለካው ቴርሞሜትር ሳይሆን እስክሪብቶ ነው፤ ያን ጊዜ ተያቸውና መነሻውን በአዲሱ ደንብ ጥቂት ሳምንት ለክተሽ ሥሪ።

የመጀመሪያውን ሙከራ በአንድ ሺፍት፣ በአንዲት አዋላጅ፣ በአንዲት እናት አድርጊ። በእውነት፣ አንዲት እናት። ለምሳሌ «መመዘኑን አንድ ሰዓት እናቆየው» ብላችሁ ሞክሩ፤ ከመሞከራችሁ በፊት ምን እንደሚሆን ገምታችሁ ጻፉ። ምናልባት አልጋው ለሌላ ወላድ ይፈለግና ሕፃኑ በ15ኛው ደቂቃ ከደረት ይነሣል። እንግዲያው ነገ የምትሞክሩት እናቲቱን ከነሕፃኑ በስትሬቸር ማዛወርን ነው። ምናልባት መመዘኑ ሲቆይ ቫይታሚን ኬውና የዓይን ቅባቱ ይረሳል፤ ይህ በጣም የተለመደ ነውና ቅጹ ላይ የሰዓት ሳጥን ጨምሩለት። አንዱ ሲሠራ ወደ አምስት እናት፣ ከዚያ ወደ አዳር ሺፍት፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉን መጨረሻ ላይ። እዚያ ሰመመን የሚሰጠው ባለሙያ ካልተስማማ ምንም አይንቀሳቀስምና ወረቀት ከመላክሽ በፊት እሱን አናግሪው።

ሦስት ዓይነት ነገር ቁጠሪ፣ ከዚያ በላይ ከቆጠርሽ በሁለተኛው ሳምንት ትሰለቺያለሽ። ውጤቱን፣ ማለትም የቀዘቀዙት ስንት ናቸው። ሥራውን፤ እርጥቡ ጨርቅ ተወግዷል ወይ፣ ደረት ላይ ሙሉ ሰዓት ቆይቷል ወይ፣ ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነበር። ሦስተኛው ማሻሻያችን ያመጣው ጉዳት አለ ወይ የሚለው ነው። ከ37.5 በላይ የሞቁ አሉ? በፍል ውሃ የተሞላ ጓንት አጠገቡ አስቀምጦ ቆዳውን ያቃጠለ አለ? ሰው «አሙቁ» ሲባል ወደዚህ ይሄዳልና ከመጀመሪያው ቀን ከልክዪው።

በየሳምንቱ የመጡትን 10 ተከታታይ ሕፃናት ውሰጂ፤ ከመካከል አትምረጪ። መቶኛውን በአንድ ነጥብ ካሬ ወረቀት ላይ አስቀምጪ፣ መነሻ ነጥቦቹ መሃል ላይ መስመር አስምሪ። አንድ ሳምንት ቢወርድ አትጨፍሪ፣ አንድ ሳምንት ቢወጣ አታልቅሺ፤ አሥር ሕፃን ትንሽ ነውና ነጥቡ ይዘላል። ስድስት ነጥብ በተከታታይ ከመስመሩ በታች ሲውል ነው በእውነት የሆነ ነገር ተቀይሯል የሚባለው። አንድ ወጥመድ ግን አለ። አንቺ የምትጀምሪው በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ነው፣ የምትጨርሽው በመጋቢት። አየሩ ራሱ ይሞቅልሽና «ፕሮጀክቱ ሠራ» ትያለሽ። የክፍሉን ዲግሪ በየሺፍቱ መመዝገብ ያስፈለገው ለዚህም ነው፤ ክፍሉ እኩል በቀዘቀዘባቸው ሌሊቶች የሕፃናቱ ሙቀት ተሻሽሏል ወይ ብለሽ ታወዳድሪያለሽ። ደግሞ ነገ ይህን ጽፌ ላሳትም የሚል ሐሳብ ካለሽ ሥራው ሳይጀመር የሥነ ምግባር ፈቃድ ጉዳይን ጠይቂ፤ ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሰጥም።

ወደ እትዬ እንመለስ። ሰው በሌለበት፣ ሺፍት ሲወጡ፣ ቡና በሚጠጡበት ሰዓት። «እትዬ፣ ያሉኝን አሰብኩበት። መቀየሩን አልችልም፤ ኋላ እርስዎንም ያስጠይቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ግን ብቻዬን ለክቼ ይሆናል የተሳሳትኩት፤ አብረን እንለካው። ለሱፐርቪዥኑም ችግሩን ራሳችን አግኝተን ሥራ ጀምረናል ብለን እንቅረብ» ብትያቸው ምን የሚሉ ይመስልሻል? የፕሮጀክቱ መሪ ሆኖ ስማቸው ከላይ ይጻፍ፤ የአንቺ ከሥር ቢሆን ምን ይጎድልብሻል? ተቆጣጣሪ ፊት የሚያሳፍረው ቀዝቃዛ ሕፃን መኖሩ አይደለም፤ ቁጥር እንጂ እቅድ የሌለው ወረቀት ነው። ቁጥሩን ከሙከራው ጋር አንድ ገጽ ላይ ካስቀመጣችሁት ያው 26 እሳቸውን ይከላከልላቸዋል።

አሁንም እምቢ ካሉስ? ያነበብሽውን የያዘውን የመጀመሪያ ቅጽ አትጣይ፣ የተቀየረ ወረቀት ላይ አትፈርሚ። የጥራት ክፍሉን ባለሙያ «እንዲህ አሉኝ» ብለሽ አትክሰሺያቸው፤ «መረጃውን በደንብ ለማረጋገጥ አንድ ሰው ከጎናችን ይለካ» ብለሽ እርዳታ ጠይቂ። የአፈጻጸም ነጥቡ ሊነካሽ ይችላል፤ አይነካሽም ብዬ አልሸነግልሽም። ከወዲሁ የሠራሽውን በቀንና በጽሑፍ መዝግበሽ ያዢ፣ ቅሬታ የሚቀርብበትን መንገድም እወቂ። መተዉን በተመለከተ፣ ጉልበትሽ ካለቀ መተው ኃጢአት አይደለም። ግን ከመተውሽ በፊት ይችን አንዲት ውይይት ስጪው።

ለዚያ ቀን አንድ ገጽ ብቻ ያዢ። ከላይ 40ው ሕፃናት በሰዓትና በመጡበት ተከፍለው፣ ከሥሩ የመለኪያው ደንብ፣ ከዚያ ሁለት መስመር ባዶ። የመጀመሪያውን ሙከራ በየትኛው ሺፍት፣ ከማን ጋር እንጀምር የሚለውን እትዬ በራሳቸው እጅ ይሙሉት።